ፍርስራሽ አብረው ያነሡት ከንቲባ

ሪድበርግ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው፣ ዕድሜያቸው ወደ 90 የተጠጋ አንዲት እናት አሉ። ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንድ ስም ያነሣሉ፤ ዋልተር ኮልብ።

ኮልብ የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ሰው ነበሩ። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ከሹመታቸው አባረዋቸዋል። በ1946 የፍራንክፈርት ከንቲባ ሲሆኑ ከተማዋ በቦምብ ፈርሳ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ነዋሪውን ፍርስራሽ እንዲያነሣ ጠሩ፤ ቀድመው መቆፈሪያ የያዙትም ራሳቸው ናቸው።

ቀጥሎም በ1848 የጀርመን ብሔራዊ ጉባኤ የተሰበሰበበትን የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት ከመላው ጀርመን እርዳታ ጠየቁ። ገንዘብም የግንባታ ዕቃም መጣ። ሕንፃው በጉባኤው መቶኛ ዓመት፣ በ1948 ተመረቀ። ወላጅ እናታቸው ግን «የእኛ ቤት ጣሪያ ሳይኖረው!» እያሉ ያጉረመርሙ እንደነበር አዛውንቷ አጫውተውኛል።

ኮልብ በ1956 ከንቲባ እንደሆኑ ዐረፉ። አዛውንቷ ያኔ 18 ዓመታቸው ነበር፤ ለመምረጥ ደግሞ 21 መሙላት ነበረባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ላደነቋቸው ሰው አንድም ቀን ድምፅ አልሰጡም። ከደረሱ ወዲህ ግን አንድም ምርጫ አላለፋቸውም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ሲያዙን ሳይሆን አብረውን ሲሠሩ ነው ያየኋቸው» አሉኝ።

እኛም ለአገራችን ልጆች መዋጮ ስንጠይቅ ይህን እናስብ። እንደዚያች ወላጅ የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ ልንሰማውም ይገባል። ልጁ የሚያስታውሰው ግን ቀድሞ እጁን የዘረጋውን ሰው ነው።