የጣና ሐይቅ የጀልባ ጉዞ ዋጋ

የጣና ሐይቅ የጀልባ ጉዞ ዋጋ የሐይቁን ደሴቶችና ገዳማት ለመጎብኘት ለሞተር ጀልባ የሚከፈል ኪራይ ነው። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅና የዓባይ መነሻ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዋናው የኪራይ ገበያ ባሕር ዳር ነው።

የዋጋ አተማመን፦ በጣና ሙሉ ጀልባ መከራየት የተለመደ ስለሆነ፣ መነጻጸር ያለበት ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ነው። ርቀት፣ ነዳጅና የቆይታ ሰዓት ዋጋውን ይወስናሉ። ደብረ ማርያምና ዘጌ ለባሕር ዳር ቅርብ ናቸው፤ በደቅ ደሴት ያለው፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ እንዲሁም ዳጋ እስጢፋኖስ ሩቅ በመሆናቸው ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ቅናሽ፦ ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ተጋርቶ መከራየት ከሁሉ የበለጠ ወጪ ይቀንሳል። ከገናና ከጥምቀት ሰሞን ውጭ መደራደር ይቀላል። የገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ በኪራዩ ውስጥ መካተቱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶችን ስለማያስገቡ፣ መዳረሻው ከክፍያ በፊት መመረጥ አለበት። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አይመረጥም።