ቅብዝብዝ ብላቴናና የካርቱም ሐኪመ ነፍስ

በካርቱም ኸልዋ፣ ማለት በቁርኣን ትምህርት ቤት፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በእንጨት ሰሌዳው የጻፈውን የቁርኣን ቃል ሲያነበንብ ልቡናው ወደ ደጅ የሚሸሽበት ቅብዝብዝ ብላቴና፣ በአለንጋ ሲገሠጽና «ሰነፍ» ሲባል አድጎ ለጉርምስና በደረሰ ጊዜ ያንኑ ስም የገዛ ባሕርዩ አድርጎ ይይዘዋል፤ ከቅብዝብዝነቱም ይልቅ ይህ ስለ ራሱ ያደረበት ክፉ እምነት የከፋ ጉዳት ነው እላለሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል በ1902 እ.ኤ.አ. በለንደን ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ሲያስተምር፣ ነገሩ ከማስተዋል ማነስ የመጣ አለመሆኑን አስረድቶ ነበር። በሱዳን ግን እንዲህ ያለውን ነገር የሚመረምረው የአእምሮ ሕክምና ጥበብ ደጅ የተከፈተው፣ ሊቁ ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ በ1950 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ ባቋቋሙ ጊዜ ነው፤ እኒህም ሰው የአገራቸውን የሼኮች ፈውስ ሳይንቁ መረመሩ። በኦምዱርማን የተሠራው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል።