ሚስት ሆኖ የተወነው ወንድ

መርካቶ የሚገኘው ራስ ቴአትር «ሲኒማ ራስ» ይባል በነበረበት ዘመን የህንድ ፊልም ተመልካች ሞልቶት ነበር። ሂንዲ የማያውቀው ሰው ሁሉ ከፊልሟ ሴት ጋር አልቅሶ ይወጣል። የህንድ ፊልም የመጀመሪያዋ «ሴት» ግን ወንድ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1913 ዳዳሳሄብ ፋልኬ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»ን ሲሠራ ንግሥቲቱን ለመጫወት የምትደፍር ሴት አላገኘም። ለሴት ካሜራ ፊት መቆም ነውር ነበርና። ስለዚህ ምግብ ቤት ይሠራ የነበረውን አና ሳሉንኬን ሳሪ አለበሰው። በ1917 ደግሞ ይኸው ሳሉንኬ «ላንካ ዳሃን» በተባለው ፊልም ባልየውን ራማንም ሚስቲቱን ሲታንም ሆኖ ተጫወተ።

የአዲስ አበባ መድረክም ከዚህ የተለየ ታሪክ የለውም። መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ ይጠፋ ስለነበር ቤተሰብ ልጁን አይሰጥም። እናም አንዱ ጓደኛ ባል፣ ሌላው ሚስት እየሆኑ ይተውኑ ነበር። የሴት ልብስ ለብሰው ከተወኑት አንዱ ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው።

እኚህ ሰው በኋላ ምን ሆኑ? አባባ ተስፋዬ! ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ነገሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር እንደ አያቱ አለቀሰላቸው። ያ ቀሚስ ክብራቸውን አልቀነሰም፤ ተመልካቹ ልብስን ከሰው ለይቶ ያውቅ ነበርና።

ይህ ሲባል ዘመኑ ደግ ነበር ማለት አይደለም። ወንዱ ቀሚስ የለበሰው ሴቷ ከመድረክ ስለተከለከለች ነው። ሰላማዊት ገብረሥላሴን የመሳሰሉ ቀዳሚ ተዋናዮች ያንን በር የከፈቱት ሐሜቱን ተጋፍጠው ነው።

ዛሬስ? አንድ ወጣት መርካቶ መሐል ሻሽ አስሮ የቲክቶክ ቀልድ ቢሠራ፣ የአስተያየት መስጫው ወዲያው ችሎት ይሆናል። «ግብረ ሰዶማዊ ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የወንጀል ሕጉ በሚቀጣበት አገር ይህ ተራ ስድብ አይደለም፤ ሰው ሊያስደበድብ፣ ከቤቱ ሊያስባርር ይችላል። ማስረጃው ግን አንድ ሻሽ ብቻ ነው።

ያንን አስተያየት የሚጽፉት ብዙዎቹ በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደጉ ናቸው። ልጅ ሳሉ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለው ያዳመጧቸው ሰው አንድ ጊዜ ሚስት ሆነው እንደተወኑ ቢያስታውሱ፣ ጣታቸው ትንሽ ትዘገይ ይሆናል።