የሚሰማ እንጂ የማይነበብ ቅርስ፦ የዐጀሚ መንዙማ ነገ ከኮልፌ ሲታይ

በኮልፌ ቀራኒዮ በምናስተምርበት ሰፈር አንድ አዛውንት ከአባታቸው የወረሱትን በእጅ የተጻፈ ኪታብ ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች በዐረብኛ የተጻፉ ነበሩና ነሕው የተማረ አንድ ደረሳ ሳይደናቀፍ አነበባቸው። ጥቂት ቅጠሎች ከተገለጡ በኋላ ግን ቆመ። ፊደሉን ያውቀዋል፤ ቃሉን ግን ከየትኛውም የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊያገኘው አልቻለም። «ጸሐፊው ተሳስቷል» አለን። አዛውንቱ ፈገግ ብለው ስንኙን በቃላቸው አዜሙት። አማርኛ ነበር፤ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመውሊድ ሲሰማው የኖረው መንዙማ ነበር።

አማርኛንና ሌሎች የአገራችንን ቋንቋዎች በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልማድ ዐጀሚ ይባላል። ዐረብኛ ለ«ጨ»፣ ለ«ቸ» እና ለ«ኘ» የሚሆን ፊደል ስለሌለው ጸሐፍቱ ነጥብ እየጨመሩ ወይም የሚቀራረበውን ፊደል እየተዋሱ ጻፉ። አጻጻፉ በአንድ ደንብ የተወሰነ ስላልነበረ ንባቡ ከሸኽ ወደ ደረሳ በአፍ ሲተላለፍ ኖረ። በመሆኑም የአንባቢዎቹ ሰንሰለት ሲቋረጥ ኪታቡ በሣጥን ውስጥ ቢገኝም የሚያስነብበው ይጠፋል።

ዛሬ መንዙማ በብዙዎች ዘንድ የውዳሴ ዜማ ብቻ ሆኖ ይታያል። ቀድሞ ግን ማስተማሪያም ነበር። ኪታብ ማንበብ ያልቻለው ገበሬና ነጋዴ ተውሒድን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወትና የአኺራን ነገር በቃሉ ይዞት ከሚመለሰው ስንኝ ይማር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ባዘዙ ጊዜ ትእዛዙን ከተቃወሙት ዑለማዎች አንዱ ሸኽ ጠልሓ ጃዕፈር ናቸው። እኚህ ዓሊም በዐረብኛ ፊደል በጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎቻቸው ይታወቃሉ። በዚያ ዘመን አማርኛ ስንኝ ወደ ሕዝቡ ልብ የሚደርስ ትምህርት ነበር።

ሰንሰለቱ የላላው ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በግእዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ሕዝብ ፊደል አስቆጠረ። መድረሳዎቻችንም የዐረብኛን ትምህርት በክፍልና በመጽሐፍ አደራጁ። ሁሉም በጎ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የኮልፌ ልጅ አማርኛውን በፊደል፣ ቁርኣኑን በዐረብኛ ማንበብ በመቻሉ በሁለቱ መካከል የነበረው ዐጀሚ ሳይታወቀን ተረሳ። ከወሎ፣ ከስልጤና ከጉራጌ የመጡ ቤተሰቦች በዚህ ክፍለ ከተማ ተጎራብተው ሲኖሩ የወሎን መንዙማ፣ የቃጥባሬንና የአብሬትን ዚክር ይዘው መጥተዋል። ዜማው በካሴት፣ በኋላም በስልክ ተባዝቶ ከየቤቱ ይሰማል። ስንኙን ከነትርጉሙ የሚያስነብበው ሸኽ ግን በካሴት አልተባዛም።

እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ቀድሞ ከገጠማቸው አገሮች አንዷ ባሕሬን ናት። ዛሬ የሰፈራችን ቤተሰቦች ስሟን የሚሰሙት ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከሄዱ ልጆቻቸው ነው። ደሴቶቹ ቀድሞ የሚኖሩት በባሕር ሉል ነበር። በበጋው ወራት መርከቦች ወደ ሉል መጥለቂያው ይወጣሉ፤ በየመርከቡ «ነሃም» የሚባል አዛሚ ሥራውን በዜማ ይመራል። ጠላቂዎቹ ወደ የብስ ሲመለሱም «ዳር» በሚባሉ ቤቶች ተሰብስበው ፍጅሪ የተባለውን ዜማ ያዜማሉ። በዜማው ውስጥ የባሕሩ መከራ አለ፤ ብዙ ጠላቂ በቅድሚያ በወሰደው ገንዘብ ለመርከቡ አዛዥ ባለዕዳ ሆኖ ይኖር ነበርና።

ከዚያ ጃፓን በሰው እጅ የሚረባውን ሉል ለዓለም ገበያ አቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ1929 የዓለም ንግድ ወደቀ፤ በ1932 ደግሞ በባሕሬን ነዳጅ ዘይት ተገኘ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የጠላቂው ሥራ አበቃ። ዜማው ግን አልሞተም። የሙሐረቅ ከተማ የሉል ንግድ ቅርሶች በ2012፣ ፍጅሪም በ2021 በዩኔስኮ ተመዘገቡ። አሁን የሚያዜሙት ባሕር ጠልቀው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ያንን ዕዳና መከራ ማንም አይመኝም። ቢሆንም ሥራው ያበቃለት ዜማ በብዙው የመድረክና የበዓል ትዕይንት ወደ መሆን ያዘነብላል። ከዚህ የሚጠብቀው ሽማግሌና ወጣት አብረው የሚቀመጡበት «ዳር» ነው።

የእኛ መንዙማ ከፍጅሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሉሉ ሥራ ላይመለስ ሄዷል። የመንዙማው ሥራ ማስተማር ነበር፤ ይህ ሥራ ግን ዛሬም በየመስጊዱ አለ። የሚማር ልጅ በኮልፌ አልጠፋም። ስለዚህ መንዙማ የመድረክ ትዕይንት ብቻ ሆኖ ቢቀር ዘመኑን ልንወቅስ አንችልም፤ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ይሆናል። የሐረሩ ሹዋሊድ በ2023 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎናል። በዚያው ከተማ አብዱላሂ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፎችን ሰብስበውና ጠግነው ለትውልድ ማቆየታቸውም ትልቅ አርአያ ነው። ሆኖም ምዝገባ ስም ያስጠብቃል፣ ሙዚየም ወረቀት ያስጠብቃል፤ ንባብን የሚያስጠብቀው አስነባቢ ብቻ ነው።

በመንዙማ ላይ በዑለማዎቻችን መካከል ልዩነት እንዳለ አንዘነጋም። አንዳንዶች በውዳሴው ወሰን የሚያልፉ ቃላት አሉበት ይላሉ፤ ድቤውንም የማይቀበሉ አሉ። በዚህ ጽሑፍ ፍርድ ልንሰጥ አልተነሳንም። ይሁን እንጂ አንድ ስንኝ ከሸሪዓ ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም ለማለት አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው። ሳያነብ የሚያወድሰውም ሳያነብ የሚያወግዘውም የሚናገሩት ከሰሙት ተነሥተው ነው። ዑለማዎቻችን ደግሞ ያለ ማስረጃ መናገርን አላስተማሩንም።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለኢማሞች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዐረብኛ ማንበብ የቻሉ ደረሶች በሳምንት አንድ ሰዓት ከአንድ አዛውንት ሥር ዐጀሚ ያንብቡ። ሁለተኛ፣ የተነበበው በግእዝ ፊደል ትይዩ ይጻፍ፤ የባለቤቱና ያስነበበው ሸኽ ስምም አብሮ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ኢማሞች ከጁሙዓ በኋላ ለጀማዓው አንድ ቃል ያስተላልፉ፦ አባት ሲሞት በሣጥኑ የተገኘ አሮጌ ኪታብ ለሚያውቅ ሰው ሳይታይ አይሸጥ፣ አይቀበርም።

በመግቢያችን ያነሣነው ደረሳ አሁን ዘወትር ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ከአዛውንቱ ጋር ይቀመጣል። እስካሁን አሥራ አንድ ቅጠል አንብቧል። የኪታቡ ቀሪ ቅጠሎች ገና ብዙ ናቸው፤ የአዛውንቱ ዓይን ግን እየደከመ ነው። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልን። ወላሁ አዕለም።