የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ፦ አመሠራረቱና አሠራሩ

የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኝ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብና በነፃ ጉልበታቸው ሲጠብቁት የኖሩ የደጋ ሣር ምድር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደተጠበቀ የሚነገርለት ይህ ሥፍራ በአፍሪካ ረጅም ዕድሜ ካላቸው በማኅበረሰብ የሚተዳደሩ የጥበቃ ሥፍራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ታሪኩ የሕዝብ ፈቃደኝነት የተፈጥሮ ሀብትን እንዴት እንደሚያቆይ፣ የአስተዳደር ክፍተት ሲፈጠርም ሀብቱ እንዴት ለጉዳት እንደሚጋለጥ የሚያመለክት በመሆኑ በዘርፉ ለሚሠሩ አካላት ጠቃሚ ነው።

አቀማመጥና የተፈጥሮ ሀብት

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ላይ ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ በአንድ ወገን ለአዋሽ፣ በሌላ ወገን ለአባይ ተፋሰስ የሚገብሩ ምንጮችና ወንዞች ይነሱበታል።

ሥፍራው ስሙን ያገኘው በብዛት ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ጅብራ፣ አስታና ጨረንፊም ይገኙበታል። ከዱር እንስሳቱ መካከል በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዋነኞቹ ናቸው። በዓለም ያለው የአዋቂ ቀይ ቀበሮ ቁጥር ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነ በጓሳ የተካሄደ ጥናት ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ያህል፣ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ያህል እንደሚሳካለት አረጋግጧል። ይህም ሣሩ፣ አይጡ፣ ጭላዳውና ቀበሮው የተሳሰሩ መሆናቸውን ያሳያል።

የቀሮ ሥርዓት

ለመንዝ ገበሬ ጓሳ የቤት ክዳን፣ የገመድ፣ ከዝናብ የሚከላከለው የጌሳና የከብት ግጦሽ ምንጭ ነው። ለማገዶ የሚሆነው ጨረንፊም የሚገኘው ከዚሁ ነው። ሀብቱ ያለ ልክ ቢታጨድ የሚጎዳው ራሱ ባለቤቱ በመሆኑ ነዋሪው «ቀሮ» የተሰኘውን የጥበቃ ሥርዓት አቋቋመ።

በአፈ ታሪክ መሠረት ሥፍራውን የተካፈሉት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ሲሆኑ፣ ድንበራቸውም በፈረስ ግልቢያ ውድድር እንደተወሰነ ይነገራል። የመጠቀም መብት የሚገኘው ከእነዚህ አባቶች በሚቆጠር የትውልድ ሐረግ፣ በአጽመ ርስት ነበር። ተጠቃሚዎቹ በስምምነት የሚመርጡት «አፈሮ» የሚባል አለቃ ጥበቃውን ይመራ ነበር።

የሥርዓቱ ዋና መርህ ሥፍራውን መዝጋትና በወቅቱ መክፈት ነው። ጓሳው እንደ ሣሩ ዕድገት እስከ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልሎ ይቆያል። በዚህ ጊዜ አቅም ያላቸው ወንዶች በየተራቸው ያለ ክፍያ ይጠብቃሉ፤ ተራውን ያጓደለና ደንቡን የጣሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ወራት ሥፍራው ተከፍቶ ባለመብቶች ሁሉ ያጭዳሉ። ከዚያም ዳግም ይዘጋል።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የርስት ሥርዓትን ሲሽር ቀሮም የቆመበትን መሠረት አጣ። አዋጁ ቀድሞ መብት ያልነበራቸውን ዜጎች ተጠቃሚ ያደረገ ቢሆንም፣ ለጓሳ ጥበቃ ግን የአለቃውን ሥልጣን የሚተካ አካል ወዲያውኑ አልተገኘም። በዚህም ምክንያት ሁሉም እንደፈለገ ማጨድ፣ ማሰማራትና ማረስ ጀመረ፤ ሥፍራውም ተጎዳ።

ነዋሪው ግን የአባቶቹን ልምድ አልተወውም። በአካባቢው ያሉ የገበሬ ማኅበራት፣ በኋላም ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን የመረጡበት የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአዲሱ አደረጃጀት መሠረት የትውልድ ሐረግ ሳይሆን የቀበሌ ነዋሪነት ሲሆን፣ የመዝጋት፣ የመጠበቅና በስምምነት የመክፈት መርህ ግን እንደቀድሞው ቀጠለ። የክልሉ መንግሥትም ሥፍራው በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር እንዲተዳደር በሕግ እውቅና ሰጥቶታል። የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ በጥበቃውና ነዋሪው ከጎብኚዎች ገቢ እንዲያገኝ በተሠራው የማኅበረሰብ ሎጅ ድጋፍ አድርጓል። በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችንም የአካባቢው ተወላጆች ይመሯቸዋል።

የሕግ ማዕቀፍ

ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541/1999 የአካባቢ ነዋሪዎች በጥበቃው እንዲሳተፉና ከጥቅሙ እንዲካፈሉ መሠረት ይጥላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት እውቅና ሰጥቷል። ሆኖም የጓሳ ታሪክ እንደሚያሳየው የሕግ ድንጋጌ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም።

ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

የእርሻ መስፋፋት፣ የግጦሽ ጫና እና የሕዝብ ቁጥር መጨመር ጓሳን የሚፈታተኑ ጉዳዮች ናቸው። ሥፍራውን አቋርጦ ወደ መሐል ሜዳ የሚያልፈው መንገድም ጥንቃቄ ይሻል።

ከጓሳ ልምድ ሦስት ነጥቦችን መገንዘብ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ ነዋሪው ለዘመናት ያለ ክፍያ የጠበቀው ሣሩን በወቅቱ አጭዶ ስለሚጠቀምበት መሆኑ ነው። ጥቅሙ ከተቋረጠ ፈቃደኝነቱም ይቋረጣል። ሁለተኛው፣ ደንቡን ያወጣው፣ ቅጣቱንም የወሰነው ራሱ ተጠቃሚው በመሆኑ አፈጻጸሙ ተቀባይነት ማግኘቱ ነው። ሦስተኛው ነጥብ በቀጥታ የመንግሥት አካላትን ይመለከታል። ነባር አደረጃጀትን የሚነካ ሕግ ወይም ፕሮጀክት ሲዘጋጅ የጥበቃውን ኃላፊነት የሚረከበው አካል አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል። ጓሳን ለጉዳት ያጋለጠው ነባሩ አለቃ በተሻረበትና አዲሱ ኮሚቴ በተቋቋመበት ጊዜ መካከል የተፈጠረው ክፍተት ነው።