በስም የተጠራ ድምፅ፦ የሴናተር ሮበርት በርድ መዝገብ ምን ያስተምረናል?

የዛሬው ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጆቹ ነው።

ታሪክ ሳስተምር በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ ነበር፦ "አንድ ፖለቲከኛ በእውነት ምን እንደነበረ በምን እናውቃለን?" የሚል። በንግግሩ? ንግግሩን የሚጽፍለት ሰው አለ። በማስታወሻ መጽሐፉ? እሱን የሚጽፈው ደግሞ ራሱ ነው። ወዳጁን ብትጠይቁ ያሞግሰዋል፣ ጠላቱን ብትጠይቁ ያብጠለጥለዋል። እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው "ድምፅ የሰጠበት መዝገብ ካለ መጀመሪያ እሱን አምጡ" ብዬ ነበር። እስቲ ዛሬ ይህን በአንድ ሰው ታሪክ ላሳያችሁ።

ሰውየው ሮበርት በርድ ይባላል፣ የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ሴናተር። በ1917 ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የ1918ቱ ወረርሽኝ እናቱን ወሰደበት። ያሳደጉት ዘመዶቹ ናቸው፣ በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሰፈር፣ በድህነት። ሁለተኛ ደረጃን ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ቢጨርስም ኮሌጅ የሚገባበት ገንዘብ አልነበረውም። ነዳጅ ቀዳ፣ ሥጋ ቤት ሠራ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመርከብ መሥሪያ ብየዳ ሠራ።

በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኩ ክላክስ ክላን የተባለውን የነጭ የበላይነት ማኅበር ተቀላቀለ። ዝም ብሎ ስሙን አስመዝግቦ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ። 150 ያህል ሰው መልምሎ የአካባቢውን ቅርንጫፍ አቋቋመ፣ መሪውም ሆነ።

ፖለቲካ የጀመረው ከዚህ ተነስቶ ነው። በ1946 ቫዮሊን እየተጫወተ ቀስቅሶ የግዛቱ ምክር ቤት ገባ። በ1950 የግዛቱ ሴኔት፣ በ1952 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1958 የአሜሪካ ሴኔት። ከዚያ ወዲያ በ1964፣ በ1970፣ በ1976፣ በ1982፣ በ1988፣ በ1994፣ በ2000 እና በ2006 እየተወዳደረ ተመለሰ። ለሴኔት ዘጠኝ ጊዜ ተወዳድሮ ዘጠኙንም አሸነፈ ማለት ነው። በ1976 ጭራሽ ተፎካካሪ አልቀረበበትም። በ2000 የግዛቱን 55 አውራጃዎች አንድም ሳይቀር ወሰደ። በሰኔ 2010 በ92 ዓመቱ ሲሞት ወንበሩ ላይ ነበር።

ሕዝቡ ለምን መረጠው? ዋናው ምክንያት በጀት ነው። የሴኔቱን የበጀት ድልድል ኮሚቴ ለዓመታት በሊቀመንበርነት ሲመራ ለድሃዋ ግዛቱ መንገዱንም፣ ድልድዩንም፣ የፌደራል መሥሪያ ቤቱንም አመጣላት። የኤፍቢአይ የጣት አሻራ ማዕከል ሳይቀር ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄዷል። በዚያ ስሙን የያዘ መንገድና ሕንፃ ብዙ ነው፤ ግሪን ባንክ ላይ ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ራሱ በስሙ ይጠራል። ሆኖም ምርጫ ማሸነፉ ብቻ ለጥያቄያችን መልስ አይሰጥም። እንግዲህ ወደ መዝገቡ እንግባ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 5 ላይ ከተገኙት አባላት አንድ አምስተኛው ከጠየቁ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በስም ተለይቶ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል ይላል። በርድ በዚህ መንገድ በሴኔት ውስጥ ከ18,600 ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጥቷል። ሁሉም ተመዝግቧል። ከዘር ጉዳይ ጋር የተያያዙትን ጥቂቶቹን ብቻ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1964፦ በመሥሪያ ቤት፣ በሆቴልና በምግብ ቤት መድልዎን የከለከለው የሲቪል መብቶች አዋጅ። በርድ ረቂቁ ድምፅ እንዳይሰጥበት ለማዘግየት 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ቆሞ ተናገረ። ይህ ፊሊበስተር የሚሉት ስልት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አውርቶ ነጋ። አዋጁ 73 ለ 27 ጸደቀ። በርድ ከ27ቱ አንዱ ነው።

1965፦ የመምረጥ መብት አዋጅ፣ 77 ለ 19። በርድ ተቃወመ።

1967፦ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የተርጉድ ማርሻል ሹመት፣ 69 ለ 11። በርድ ተቃወመ።

1968፦ ቤት ሲከራይና ሲሸጥ በቀለም መድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለው ሕግ፣ 71 ለ 20። በርድ ደገፈ።

1982፦ ያ የመምረጥ መብት አዋጅ እንዲራዘም፣ 85 ለ 8። ደገፈ።

1983፦ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ብሔራዊ በዓል እንዲሆን፣ 78 ለ 22። ደገፈ።

1986፦ በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ። ፕሬዚዳንት ሬጋን ሕጉን ሲመልሱት ሴኔቱ 78 ለ 21 ሆኖ ሻረባቸው። በርድ ከ78ቱ ጋር ነው።

2006፦ የመምረጥ መብት አዋጅ እንደገና እንዲራዘም፣ 98 ለ 0። በ1965 የተቃወመው ሰው በ41 ዓመቱ እዚያው አዳራሽ ውስጥ "ድጋፍ" አለ።

(መዝገቡን ራሳችሁ ለማየት የምትፈልጉ ልብ በሉ፦ የጎረቤቷ ቨርጂኒያ ሴናተር የነበረ ሃሪ በርድም አለ፣ ልጁም እንደ አባቱ ሃሪ በርድ ይባላል። ሌሎች ሰዎች ናቸው። ስሙንም ግዛቱንም አብራችሁ እዩ።)

ጦርነትም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1964 ለቬትናም ጦርነት በር የከፈተው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውሳኔ 88 ለ 2 ሲያልፍ በርድ ከደጋፊዎቹ ነበር። በ2002 የኢራቅ ጦርነት ፈቃድ 77 ለ 23 ሲያልፍ ግን ከ23ቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ሆነ፤ በክርክሩም ላይ የዚያን ጊዜ ድምፁን እያነሳ ባልደረቦቹን አስጠነቀቀ።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ለምን ተለወጠ?

ሰውየው ራሱ ከሚያነሳቸው ምክንያቶች አንዱ በ1982 የልጅ ልጁ በመኪና አደጋ መሞቱ ነው። ያ ሐዘን የጥቁር ወላጅም ልጁን እንደሱ እንደሚወድ እንዳሳየው ተናግሯል። ሐዘኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን መዝገቡን አዩት? የ1968ቱ ድምፅ ከሐዘኑ 14 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ ሌላም ነገር ነበረ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት በርድ በፓርቲው መሰላል ላይ እየወጣ ነበር። በ1971 ቴድ ኬኔዲን 31 ለ 24 አሸንፎ የዴሞክራቶች ምክትል መሪ ሆነ፣ በ1977 ደግሞ የሴኔቱ አብላጫ መሪ። አገር አቀፍ ፓርቲ ለመምራት የሚፈልግ ሰው የ1964ቱን አቋም ይዞ መቀጠል አይመቸውም ነበር። ልብ ነው ወይስ ሥልጣን? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። የመሪነቱን ቦታ ከለቀቀ በኋላም በያዘው መንገድ መቀጠሉ ጥቅም ብቻ አልነበረም ያሰኘኛል።

በነገራችን ላይ ያ የ1971ዱ ምርጫ በፓርቲው ውስጥ በምስጢር የተሰጠ ድምፅ ነበር። ኬኔዲን ማን እንደከዳው የሚናገር የስም ዝርዝር የለም። ልዩነቱን አያችሁ? ሕዝብን በመወከል የሚሰጠው ድምፅ ስም አለው፣ የፓርቲው የውስጥ ጉዳይ ግን የለውም።

መዝገብ ደግሞ ራሱን አያነብም። በ1991 ሁለተኛው ጥቁር ዕጩ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ሲቀርብ በርድ ተቃወመ። ሁለቱንም ጥቁር ዕጩዎች የተቃወመ ብቸኛው ሴናተር ይባላል፤ እውነት ነው። ይህን ብቻ ያነበበ "አልተለወጠም" ይላል። ግን የ1991ዱ ድምፅ 52 ለ 48 ነው፣ አብዛኞቹ ዴሞክራቶች ተቃውመዋል፣ በርድም አኒታ ሂል በቶማስ ላይ የሰጠችውን የጾታ ትንኮሳ ምስክርነት አምኜ ነው ብሏል። አንድ መስመር መዝዞ ሰው ላይ መፍረድ ይሄን ያህል ያሳስታል።

በ2008 ባራክ ኦባማ በዌስት ቨርጂኒያ የፓርቲው ምርጫ በሰፊው ተሸንፎ ሳለ በርድ ለኦባማ ድጋፉን ሰጠ። በ2009 የገና ዋዜማ ማለዳ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ገብቶ የጤና መድን ሕጉን ደገፈ፤ ድምፁንም በዚያው ዓመት ለሞተው ወዳጁ ለዚያው ለቴድ ኬኔዲ መታሰቢያ አደረገው። ሲሞት ኤንኤኤሲፒ የተባለው አንጋፋው የጥቁሮች መብት ድርጅት ሐዘኑን ገለጸ፣ ኦባማም በመታሰቢያው ላይ ተናገረ።

ወደ ቤታችን ስመለስ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ብቻ ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት እንደሚወገድ ተጽፏል። ግሩም ነው። ግን መራጩ በምን ዐውቆ አመኔታ ይጣ? ዜናው ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ነው፦ "አዋጁ በይህን ያህል ተቃውሞ፣ በይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ።" ቁጥር እንሰማለን፣ ስም አንሰማም። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ ከተቃዋሚ ፓርቲ የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፣ በግል ደግሞ ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ። ያኔ "በአንድ ተቃውሞ" ሲባል ሰው ሁሉ ስም መገመት ይችል ነበር። አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ነው እንግዲህ ቁጥሩ ስም ያገኘው።

ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር ደግሞ "እኔ እኮ ውስጥ ሆኜ ስታገል ነበር" የሚል ሰው ይበዛል። ከደርግ በኋላ ሰምተናል፣ ከኢሕአዴግ በኋላም ሰምተናል። አንዳንዱ እውነቱን ነው። አንዳንዱ ይዋሻል። መለያ ስለሌለን ወይ ሁሉንም እናምናለን ወይ ሁሉንም እንረግማለን።

የበርድ መዝገብ የ1964ቱን ነውር እስከ መቃብሩ ተከትሎታል፤ እሱም አልካደውም፣ ሊክደውም አይችልም። ነገር ግን መለወጡን ያሳየለትም ያው መዝገብ ነው። ስም የማይመዘገብበት ምክር ቤት ጥፋተኛውን እንደሚሸፍን ሁላችንም እናውቃለን። ሐቀኛውንም እንደሚበድል ግን ብዙ አናነሳውም፤ በድፍረት እጁን ያወጣ ሰው ለልጁ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ?

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ ከወረዳችሁ የተመረጠውን እንደራሴ ስም ታውቃላችሁ? አንድ አዋጅ ላይ እንኳ ድምፁን ለየትኛው ወገን እንደሰጠ ለማወቅ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? የሞከራችሁ ካላችሁ ምን እንዳጋጠማችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሰላም ዋሉ።