ማሰናጃ ሥርዓት፦ ከምንጭ ኮድ እስከ ተሰኪ

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር አንድ የመንዝ ልጅ፣ ክረምቱን መሐል ሜዳ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሲያሳልፍ ቪኤስ ኮድ ለተባለው ኤዲተር፣ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የሚሆን ተሰኪ ልሥራ አለ እንበል። ተሰኪው ሥራው አንድ ነው፤ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ተመትቶ ሲያገኝ ወደ ትክክለኛው አራት ነጥብ ይለውጠዋል። ኮዱ ከሃያ መስመር አይበልጥም። ልፋቱ ያለው ሃያው መስመር ኤዲተሩ ሊጭነው ወደሚችል ፋይል እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንን መንገድ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደውን መሣሪያ ባለሙያዎች «ቢልድ ሲስተም» ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ «ማሰናጃ ሥርዓት» ብለነዋል።

«የግንባታ ሥርዓት» ቢባልስ የሚል አይጠፋም። ግን ግንባታ ሲባል የአማርኛ ሰሚ ሐሳቡ ወደ ሲሚንቶና ብረት ይሄዳል፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ «የሲስተም ግንባታ» ማለት ሶፍትዌሩን ከጥናቱ ጀምሮ መሥራት ነው። ቢልድ የሚባለው ግን ተጽፎ ያለቀውን ኮድ ለአገልግሎት ማሰናዳት ብቻ ስለሆነ ስሙም ከዚያው ግስ ቢወጣ ይሻላል። ለፕለጊን የተለመደውን «ተሰኪ» እንዳለ ወስደነዋል።

የመንዝ ባና ከበግ ጠጉር ተነሥቶ ባና እስኪሆን ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። ያልተፈተለ አይሸመንም፤ የተፈተለው ክር በእጅ ካለ ደግሞ በጉን እንደገና መሸለት አያስፈልግም። ማሰናጃ ሥርዓትም የሚያውቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፤ የትኛው ሥራ የትኛውን እንደሚከተልና ካለፈው ወዲህ የተለወጠው የቱ እንደሆነ። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ቤል ላብስ ውስጥ የሠራው «ሜክ» ፋይሎች የተለወጡበትን ሰዓት እያነጻጸረ፣ ከምንጩ ያረጀውን ውጤት ብቻ መልሶ ያሰናዳ ነበር። ዛሬም ያለው ሐሳብ ያው ነው።

ለእኛ ፊደል የተሠራ የኤዲተር ተጨማሪም አዲስ ነገር አይደለም። ኢማክስ የተባለው አንጋፋ ኤዲተር ናኦቶ ታካሃሺ የጻፈውን የግዕዝ ፊደል መገልገያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ይዞ ይመጣል። በላቲን ፊደል፣ «ሴራ» በተባለው አጻጻፍ የገባውን አማርኛ ወደ ፊደል ይመልሳል፤ ፊደሉንም ለጃቫ በሚስማማ የቁጥር አጻጻፍ ያወጣል። ይህ መገልገያ በሊስፕ ቋንቋ ተጽፎ ከቀረው ኢማክስ ጋር በሜክ አማካይነት ወደ ባይት ኮድ ይሰናዳል። ፊደላችን ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህን ለሚያስታውስ ሥራው ምን ያህል ቀደምት እንደነበር ግልጽ ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። መጀመሪያ ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ይጫናል። ከዚያ «ዮ ኮድ» የሚባለው አዘጋጅ የተሰኪውን አጽም ያወጣለታል። እዚያ ውስጥ ዋናው «ፓኬጅ ዶት ጄሰን» የተባለው ፋይል ነው፤ ተሰኪው የሚሠራበት ዝቅተኛው የቪኤስ ኮድ እትም፣ የሚጨምራቸው ትእዛዞች፣ የተሰናዳው ኮድ የሚገኝበት ቦታ እዚያ ይጻፋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በመጨረሻው ነው፤ ፋይሉ ወደ አንድ ማኅደር እያመለከተ ማሰናጃው ሌላ ቦታ ከጻፈ ተሰኪው አይሠራም።

ኮዱ በታይፕስክሪፕት ይጻፋል፤ ኤዲተሩ የሚያስኬደው ግን ጃቫስክሪፕት ነው። «ኢኤስቢልድ» ይተረጉመዋል፣ የተበታተኑትንም ፋይሎች አንድ ያደርጋቸዋል። «ቪኤስኮድ» የተባለው ሞጁል ግን ከጥቅሉ ውጭ ይቀራል ብሎ መንገር ግድ ነው፤ እሱን ኤዲተሩ ራሱ በሥራ ሰዓት ያቀርባል። ኢኤስቢልድ ፈጣን ነው፤ የታይፕ ስሕተት ግን አይለይም፣ ስለዚህ የታይፕስክሪፕትን ምርመራ ለብቻ ማስኬድ ያስፈልጋል። ሁሉ ከተሰካካ በኋላ ኤፍ5 ሲጫን ኮዱ ይሰናዳና አዲስ የኤዲተር መስኮት ከነተሰኪው ይከፈታል።

በፊደል የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ከድንጋጤ ይድናል። ኢኤስቢልድ ካልተነገረው በስተቀር ከአስኪ ውጭ ያለን ሆሄ ሁሉ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ የተሰናዳውን ፋይል ሲከፍቱት አራት ነጥቡ ጠፍቶ በቦታው 1362 ከፊቱ ምልክት ተጨምሮበት ይገኛል። አልተበላሸም፤ ሲሠራ ያው አራት ነጥብ ነው። በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት የሚይዘው ሆሄ ግን በቁጥር ሲጻፍ ስድስት ይሆናል፤ ረጅም የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ላለው ተሰኪ ቀላል ልዩነት አይደለም። የማሰናጃው «ቻርሴት» ወደ ዩቲኤፍ-8 ሲቀየር ፊደሉ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ እቀይረዋለሁ፤ ስሕተት ሲፈለግ ፊደል ማንበብ ይቀላል።

ለደጋው ልጅ ትልቁ ጣጣ ኔትወርኩ ነው። ማሰናጃው የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች ኤንፒኤም የተባለው መሣሪያ ከኢንተርኔት ያወርዳል። አንዴ ከወረዱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ስለሚቀመጡ ያለ ኢንተርኔትም መልሶ መጫን ይቻላል፤ «ሎክ» የሚባለው ፋይልም የየጥቅሉን እትም ለይቶ ይመዘግባል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሳሉ፣ መኪና ከመሳፈር በፊት፣ ሁሉን አውርዶ አንድ ጊዜ አሰናድቶ መሞከር ብልህነት ነው።

ሥራው ሲያልቅ «ቪኤስሲኢ» የተባለው መሣሪያ ተሰኪውን በአንድ የቪኤስአይኤክስ ፋይል ይጠቀልለዋል። ይህ ፋይል ከዚፕ የተለየ አይደለም። ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ለራቤል መምህርም ሆነ ለዓለም ከተማ ጸሐፊ ሊደርስ ይችላል፤ ተቀባዩም ከቪኤስ ኮድ የተሰኪዎች ዝርዝር ውስጥ «ከቪኤስአይኤክስ ጫን» የሚለውን መርጦ ያለ ኢንተርኔት ይጭነዋል።

ተሰኪ ለምትሠሩ አንድ ልመና አለኝ፤ የተጠቀለለውን ፋይል ብቻ አትስጡ። ምንጩን፣ የማሰናጃውን ፋይልና የሎኩን ፋይል አብራችሁ ስጡ፤ ያለዚያ ተቀባዩ ተሰኪውን ሊጠቀምበት እንጂ ሊያሻሽለው አይችልም።